ማታ ብቻ አረንጓዴ የሚሆን መስታወት፦ ከምንጃር እስከ ሸዋ ሮቢት

ሐሙስ፣ ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

የድሮው ባቡር ሰሜን ሸዋን አልረገጠም። ከጅቡቲ ተነስቶ በድሬዳዋ፣ በአዋሽ፣ በአዳማና በሞጆ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባ ነበር፣ ደጋውን በሩቁ እያየ። ከዞኑ ለሐዲዱ የሚቀርበው ምንጃር ነው። የምንጃር ጤፍ ሞጆና አዳማ ወርዶ ይሸጣል። የምንጃር ልጅም ሥራ ሲያጣ ወርዶ ምድር ባቡር ይቀጠር ነበር።

የአክስቴ ልጅ አረርቲ ነው የሚኖረው። ጎረቤቱ የምድር ባቡር ጡረተኛ እንደሆኑና ቤታቸው ውስጥ የጣቢያ ፋኖስ እንዳለ በስልክ ነገረኝ። ጥምቀትን ኢራንቡቲ ለማሳለፍ ያሰብኩት ጉዞ በዚያው ሌላ ጉዞ ሆነ። ሙያዬ ኤሌክትሪክ ነው፣ አሮጌ መብራት ካየሁ እግሬ ይተሳሰራል። ባለቤቴ በሽታ ትለዋለች።

አረርቲ ከመግባቴ በፊት ከመንገዴ ወጣ ብዬ አንድ የተዘጋ ጣቢያ አየሁ። ስሙን አልጽፈውም። ቁራሌውም ስልክ አለው፣ ያነባል።

በዚህ መስመር አዲስ አበባ የሚገባው ባቡር ከቆመ አሥር ዓመት ገደማ ሆኖታል። ሕንፃው ግን ቆሟል። በሩ ላይ ሰንሰለት አለ፣ ጓሮው ውስጥ አንድ ቤተሰብ ይኖራል፣ ፍየሎቹ መሳፈሪያው ላይ ተኝተዋል። ሴትየዋ ቡና እየወቀጡ ነበር። «መብራቶቹን ላይ ነው የመጣሁት» ስላቸው ሳቁ። «መብራት የለም እኮ ልጄ፣ ከጠፋ ስንት ዘመኑ!» ቀና ብዬ ሳሳያቸው «እሱማ የወፍ ቤት ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አንዱ ክዳን ውስጥ ጎጆ ተሠርቶበታል።

መሳፈሪያው ላይ የቀሩት ከግድግዳው በተቆለመመ ቧንቧ የወጡ መብራቶች ናቸው። ክዳናቸው ውጭው ጥቁር አረንጓዴ፣ ውስጡ ነጭ ኢናሜል ነው። ኢናሜል ማለት ብረት ላይ በእሳት የተጋገረ መስታወት ነው፤ ካልተሸረፈ በስተቀር ዝናብም ፀሐይም አይነካውም፣ ሲሸረፍ ግን ዝገቱ ከሽራፊው ይጀምርና ዙሪያውን ይበላል። እነዚህ ጠርዛቸው ተበልቷል፣ መሐላቸው ግን እንደ ትናንት ያበራል። ክዳኑ ወደ ታች የተደፋው ብርሃኑ ተሳፋሪው እግር ላይ እንዲያርፍ ነው። አምፖሉ ከሩቅ ቢታይ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል፣ ከምልክት መብራት ጋርም ሊያምታታው ይችላል። ለጌጥ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው ይኖራል፣ እኔ ግን ለጌጥ የተሰቀለ አንድም አላየሁም።

ሽቦው በጨርቅ የተሸፈነ ነው፣ አብዛኛው ተቆርጦ ተወስዷል። መዳብ ነዋ! አምፖል መያዣው ሸክላ ነው። ጣቴን ሰድጄ ስዳስሰው የሚጠመዘዝ አይደለም፣ ሁለት ጥርስ ያለው፣ ተገፍቶ ዞር የሚደረገው ዓይነት ነው። ፈረንሳዮች ይህን ይወዳሉ፣ ጣሊያኖች ደግሞ የሚጠመዘዘውን። በዚህ ብቻ ማን እንደሰቀለው መማል አይቻልም፣ ፍንጭ ግን ነው።

ከሁሉም በላይ ያቆየኝ ግን መብራት አልነበረም። ትኬት መቁረጫው መስኮት አጠገብ፣ በሰው ቁመት ላይ፣ ባዶ የብረት መንጠቆ አለ። ከመንጠቆው በላይ ግድግዳው ጠቁሯል፣ ጥቁረቱ ወደ ላይ እየሰፋ ጣሪያው ድረስ ይሄዳል። የፋኖስ ጥላሸት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲሳቸው ለኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው እሳቸው ካረፉ በኋላ፣ በ1909። በዚያን ዘመን የገጠር ጣቢያ ማታ ማታ የሚሠራው በላምባ ነበር። ያ ጥላሸት ላዩ ላይ ኖራ ቢቀባም ተመልሶ ወጥቷል። ፋኖሱን ወስደውታል፣ ጭሱን ግን የሚገዛ አልተገኘም።

ውስጥ በመስኮት አጮልቄ ሳይ ጣሪያው ላይ ረጃጅም የፍሎረሰንት መብራቶች አሉ፣ እነሱ የቅርብ ጊዜ ናቸው። ልጆቹ አንዱን ቱቦ አውርደው እንደ ጎራዴ ይጫወቱበታል። እናትየዋን «ይህ ከተሰበረ ውስጡ ሜርኩሪ አለ፣ አያስነኳቸው» ብያቸው ቱቦውን በጨርቅ ጠቅልለን ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጥነው። አሮጌ ጣቢያ የምትጎበኙ፣ ይህን ነገር ልብ በሉ። የድሮ ፍሎረሰንት ሳጥኑ ውስጥ ያለውም ዘይት መሳይ ፈሳሽ ካንጠባጠበ በእጅ አይነካም።

ቡናውን ጠጥቼ ማታ አረርቲ ገባሁ።

ዓርብ፣ ጥር 10፣ ከተራ

ጠዋት ወደ ጋሼ ቤት ሄድን። ስማቸውን እዚህ አላነሳም፣ ሠፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ጋቢያቸውን ለብሰው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ሻይ ሳይመጣ፣ ጤንነት ሳይጠየቅ ሥራ አይነሳም፣ ስለዚህ ጥያቄዬን ይዤ ቆየሁ። ዘንድሮ ጤፉ እንዴት እንደሰጠ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ እናቴ ከየትኛው ቤት እንደወጣች አንድ በአንድ ከተጣራ በኋላ እሳቸው ራሳቸው «በል አሁን የመጣህበትን እናምጣው» አሉና ልጃቸውን ላኩ።

የመጣው ጥቁር ቆርቆሮ ነው፣ ሳጥን የመሰለ። ፊቱ ላይ ጎበጥ ያለ ወፍራም መስታወት፣ ጀርባው ላይ እጀታ፣ አናቱ ላይ ጭስ ማውጫ። ከታች ላምባ የሚጠራቀምበት፣ ከመሐል ክር። ፊት ያለው ጎባጣ መስታወት የትንሿን ነበልባል ብርሃን ሰብስቦ ወደ ፊት ይልከዋል፣ ለዚህ ነው አንዲት ክር ከሩቅ የምትታየው። ከዚያ ጀርባ ደግሞ የሚሽከረከር ቆርቆሮ አለ፣ ባለ ቀለም መስታወት የተገጠመበት። አናቱን ስታዞረው ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ እያለ ይፈራረቃል።

ይላል ነው እንጂ የጋሼ ፋኖስ ላይ ቀዩ የለም። ተሰብሯል። በቦታው የከረሜላ መጠቅለያ የመሰለ ቀይ ላስቲክ ተለጥፏል፣ እሱም በሙቀት ተኮማትሯል።

አረንጓዴውን አየሁት። ሰማያዊ ነው። በደንብ ብርሃን ላይ ያዝኩት፣ አሁንም ሰማያዊ ነው።

«ጋሼ፣ አረንጓዴውም ተቀይሯል መሰለኝ» አልኳቸው።

«ማን ቀየረው?»

«ይሄ እኮ ሰማያዊ ነው።»

ጋሼ ሳቁ። እስኪያስላቸው ድረስ። «ሁሉም እንዲህ ይላል። ማታ ና።»

የአክስቴ ልጅ ትዕግሥት የለውም፣ ወዲያው የስልኩን መብራት አውጥቶ ከጀርባ አበራበት። ጥርት ያለ ሰማያዊ! «በሉ እንግዲህ» አለ። ጋሼ መልስ አልሰጡትም፣ ሻያቸውን ጠጡ።

ስለ ሥራው አጫወቱኝ። ቀይ ቁም ነው፣ አረንጓዴ እለፍ ነው፣ ነጩ ጣቢያ ውስጥ ፉርጎ ሲያቀያይሩ የሚያሳዩበትና መንገድ የሚያዩበት ነው። ክሩን በየማታው በመቀስ ቀጥ አድርጎ መከርከም ግዴታ ነው፤ ክሩ ከተንጋደደ ነበልባሉ ይሾልና መስታወቱን በጥላሸት ይሸፍነዋል። ጠዋት መስታወት መጥረግ የጀማሪ ሥራ ነበር። «ቀዩ የተሰበረ ቀን ባቡር ማስቆም አይቻልም ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። «ለምን አይቻልም!» አሉና ፋኖሱን ከእጄ ነጥቀው ግራና ቀኝ አወናጨፉት። ለካ ደንቡ እንዲህ ነው፦ ማንኛውም መብራት፣ ምንም ይሁን ምን ቀለሙ፣ ሐዲድ ላይ እንዲህ በኃይል ከተወናጨፈ ሾፌሩ ማቆም አለበት። ቀን ከሆነ ሻርፕም ቢሆን፣ ኮፍያም ቢሆን ይበቃል። «እረኛ እንኳ ካወናጨፈ ይቆምለታል» አሉኝ።

ከቀትር በኋላ ታቦታቱ ወጡ። ኢራንቡቲ አርባ አራት ታቦታት አብረው የሚያድሩበት ቦታ ነው፤ ያላየ ሰው ቁጥሩን ብቻ ሰምቶ መጠኑን አይገምተውም። ሕዝቡ ከምንጃርም ከሸንኮራም ከየአቅጣጫው ይወርዳል፣ እልልታው ከአንዱ ኮረብታ ተነስቶ ሌላው ሳይጨርሰው ይቀበለዋል። እኔ ዓይኔ መብራት ላይ ነው፣ ምን ላድርግ። ጄኔሬተር አለ፣ ፓውዛ አለ፣ ሻማና ጧፍ አለ፣ የቻይና ባትሪ ያልያዘ ጎረምሳ የለም። ጋሼ ግን ፋኖሳቸውን ይዘው መጥተዋል። በየዓመቱ ይዘውት ይወርዳሉ አሉ፣ ሠፈሩ ሲጠፋፋ የሚሰባሰበው በእሱ ነው።

ጨለማው ደህና ሲይዝ ክሩን ለኮሱት። መጀመሪያ ነጩ፣ እሱም ነጭ አይደለም፣ ቢጫ ነው። ከዚያ አናቱን ዞር አደረጉት።

አረንጓዴ ነው። ጥርት ያለ፣ የትራፊክ መብራት የመሰለ አረንጓዴ።

ነገሩ ሲገባኝ በራሴ ሙያ አፈርኩ ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም ቀላል ነው። የላምባ ነበልባል ቢጫ ነው፣ ሰማያዊ ብርሃን እምብዛም የለውም። ፊቱ ላይ ተራ አረንጓዴ መስታወት ቢደረግ የሚወጣው ብርሃን ወደ ቢጫ ያደላል፣ ከሩቅ የሚመጣ ሾፌርም ከነጩ ጋር ሊያደናግረው ይችላል። ስለዚህ መስታወቱን ሆን ብለው ወደ ሰማያዊ ያደላ አድርገው ይሠሩታል፤ ከነበልባሉ ቢጫ የተረፈው በዚያ ሲያልፍ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። መስታወቱ ለብቻው ግማሽ ነው፣ እሳቱ ሲጨመር ነው ሙሉ የሚሆነው። የአክስቴ ልጅ ስልክ ላይ ያለው ኤልኢዲ ነጭ ስለሆነ ሰማያዊውን ሰማያዊ አድርጎ አሳለፈው። እንዲህ ያለ ፋኖስ ገዝታችሁ ውስጡን ኤልኢዲ የምታስገቡ ሰዎች፣ ምልክቱን ነው ያጠፋችሁት።

የአክስቴን ልጅ ፊት ብታዩት! ጋሼ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም፣ ግን እየሳቁ እንደሆነ ትከሻቸው ይናገር ነበር።

ቅዳሜና እሑድ

ጥምቀትን እንደ ሰው አከበርኩ። ጠበል ተረጨሁ፣ ጠላ ጠጣሁ፣ ታቦት ሸኘሁ፣ ድምፄ ጠፋ። ስለ መብራት አንድም ነገር አልጻፍኩም። እሑድ አዲስ አበባ ተመለስኩ፣ ከመሄዴ በፊት ግን የቀዩን መስታወት ቦታ በካርቶን ለክቼ፣ ቆርጬ፣ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ጋሼ ፋኖሱን እንዲሸጡልኝ አልጠየቅኳቸውም። የአክስቴ ልጅ ለምን አልጠየቅክም ብሎ ተቆጣኝ። እኔ ቤት መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ አቧራ ይሰበስባል፣ ኢራንቡቲ ላይ ግን ሰው ይሰበስባል።

ሰኞ፣ ጥር 13፣ ደብረ ብርሃን

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ በሰንዳፋና በሸኖ በኩል። የጥር ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከተማዋ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋና በአረቄዋ የታወቀችው እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ዘንድ የባቡር ፋኖስ አለ ተብዬ ነበር የመጣሁት። አሳየኝ። ተራ ፋኖስ ነው፣ ሁለት ቱቦ በጎንና በጎን ያለው፣ መሐሉ መስታወት የሆነው። በየገጠሩ ቤት ያለው ዓይነት። «የባቡር ለመሆኑ ምን ምልክት አለው?» ስለው «አሮጌ አይደል?» አለኝ። ሁለት ሺህ ብር ጠራ።

ነጋዴውን አልፈርድበትም፣ ግን ለሚገዙ ሰዎች ልንገራችሁ። ኩባንያዎች ዕቃቸው ላይ ስማቸውን ወይም የስማቸውን መነሻ ፊደላት ያስመታሉ። የጅቡቲው መስመር ደግሞ ስም ቀያይሯል፦ ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ነበር፣ ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የጅቡቲና የኢትዮጵያ ሆኗል። ስለዚህ ፊደሉ ካለ ዕቃው የየትኛው ዘመን እንደሆነ በግምት ይነግራችኋል። ፊደል የሌለው ነገር የባቡር ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ከግድግዳው የወረደ መብራት የት እንደተሰቀለ፣ ወደየት እንደዞረ፣ በስንት ቁመት እንደነበር አብሮት አይወርድም። ይዞት የሠራ ሰው አብሮት ካልኖረ ቆርቆሮ ነው።

ከመደርደሪያው ጥግ ግን አንድ ማሾ ነበረው፣ የድሮ ፔትሮማክስ። እሱን አይቼ ልቤ ቀለጠ። በ1910 እ.ኤ.አ. አካባቢ በርሊን የተፈጠረ ነገር ነው፤ ላምባውን በፓምፕ አየር ትገፋዋለህ፣ በጋለ ቱቦ ሲያልፍ ይተናል፣ ትነቱ የጨርቅ ከረጢቷ ውስጥ ሲነድ ከረጢቷ ራሷ ግላ ታበራለች። በለቅሶና በሰርግ ድንኳን ውስጥ እሹሹ እያለ የሚጮኸው እሱ ነው፣ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ድምፁን አይረሳውም። አሮጌዋ ከረጢት ግን ቶሪየም የሚባል ጨረር ያለው ነገር ሊኖራት ስለሚችል ስትፈርስ አመዱን አትተንፍሱት፣ ልጅም አይንካው። ነጋዴውን ይህን ስነግረው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ዋጋውን ግን አልቀነሰም።

አልገዛሁም። ገንዘቤ ለቀይ መስታወት ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 14፣ ጣርማበር፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት

ጣርማበር ላይ ጭጋጉ መኪናውን ዋጠው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ 587 ሜትር ነው፤ ሾፌራችን ገና ሳይገባ ትልቁን መብራት ለኮሰ፣ ጡሩምባውንም ነፋ። ከወዲያ በኩል ስትወጣ አገሩ በእግርህ ሥር ይዘረጋል፣ ጭጋጉ ከፈቀደ ማለቴ ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛሁ፣ ደብረ ሲና አልፎ ቆሎ ያልገዛ አለ እንዴ? ከዚያ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ይወርዳል፣ ጃኬት ይወልቃል፣ ሹራብ ይወልቃል፣ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ላብ ነው።

እዚህ የመጣሁት አዲሱን ሐዲድ ለማየት ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በዚህ ቆላ በኩል በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ወልዲያ አካባቢ የሚሄደው መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የድሮው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መሐል አንድ ሜትር ነበር፣ ይሄ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባቡሩም በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ሰሜን ሸዋ በመጨረሻ ሐዲድ አግኝቷል። ባቡር ግን ገና አላገኘም፣ መስመሩ ሥራ አልጀመረም።

እንግዳ ነገር ነው ያየሁት። ባለፈው ሐሙስ ያየሁት ጣቢያ ሥራውን ጨርሶ የጨለመ ነው። ይሄኛው ሥራ ሳይጀምር የጨለመ ነው። ምሰሶዎቹ አዲስ ናቸው፣ መብራቶቹ ኤልኢዲ፣ ጠፍጣፋ፣ ወፍ ጎጆ የምትሠራበት ጎድጓዳ እንኳ የላቸውም። ጥላሸትም አይተዉም። ሐቁን ለመናገር እነዚህ ቆንጆ አይደሉም፣ ግን ለቆንጆነት አልተሠሩም፣ የድሮዎቹም አልነበሩም፤ ሲበሩ አይቼ ብፈርድባቸው ይሻለኛል።

ጠጋ ልል ስል ጥበቃው ከዛፍ ጥላ ተነስቶ መጣ። ወጣት ነው፣ ትህትና አለው። «ወንድሜ፣ ፎቶ አይቻልም» አለኝ። እሺ ብዬ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ፣ ቆሎዬን አካፈልኩት፣ ተቀመጥን። ስለ ጋሼ ፋኖስ ነገርኩት። ሰማያዊው መስታወት ማታ አረንጓዴ ሆነ የሚለውን አላመነኝም። እኔም አልፈረድኩበትም፣ በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር።

ማታ ከሆቴሉ በረንዳ ላይ ለጋሼ ደወልኩ። ቀዩን መስታወት አዲስ አበባ የሚቆርጥልኝ ሰው እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ግድ አልሰጣቸውም።

«አዲሱ ባቡር ጀመረ?» አሉኝ።

«ገና ነው ጋሼ። መብራት እየጠበቀ ነው አሉ።»

«ታዲያ ፋኖሱን ላበድራቸው?»